ስለ ዐሥራ አምስቱ የማይታዩ ፈረሶች

መተማ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አንዱአምላክ
የእርሻ መሣሪያዎች ብቃት ማረጋገጫ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ የቆላው ሐሩር እኛን ተራዎቹን ከጥላ ወደ ጥላ በሚያንከራትትበት በዚህ ወር፣ እርስዎ በማቀዝቀዣው አየር ሥር በፍጹም ጤንነት እንደሚገኙ፣ ክንድዎም ማኅተም ከማንሣትና ከማሳረፍ ብዛት ሕመም እንዳልተሰማው ተስፋ በማድረግ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። እኔ በዚህችው ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሽማግሌ ስሆን፣ የክቡርነትዎን ጊዜ ለመሻማት የደፈርሁት፣ ዴስክዎ ባለፈው ሳምንት በየቀበሌው ያስለጠፈውን ማስታወቂያ መነጽሬን እየወለወልሁ ሦስት ጊዜ ካነበብሁ በኋላ ነው።

ማስታወቂያው፣ ከኮኪት እስከ አብደራፊ ያለ ባለትራክተር ሁሉ የዘንድሮው እርሻ ሳይጀመር በዴስክዎ ተፈትኖ የተረጋገጠውን «ጉልበት ጨማሪ» የአየር ማጣሪያና አብሮት የሚሸጠውን ማርሚታ የሚባል ክፍት የጭስ ማውጫ እንዲያስገጥም አጥብቆ ይመክራል። ከዕቃው ሥዕል በታች «ዐሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ቃል፣ ከቃሉም በታች የእርስዎ ክብ ማኅተም አርፏል። ቃሉ የነጋዴው ነው፤ ነጋዴም ዕቃውን ቢያሞግስ ሥራው ነውና አልቀየመውም። ማኅተሙ ግን የሕዝብ ስለሆነ፣ ስለ ማኅተሙ ያሉኝን ምስጋናዎች በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በኮኪት ዳርቻ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱት፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አንዲት አሮጌ ቀይ ትራክተር ብቻ የቀረቻቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ዓምና በዚሁ ወር የዴስክዎን ማኅተም አይተው ማጣሪያውንና ማርሚታውን ስላስገጠሙ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የዐሥራ አምስት ፈረስ እመቤት ሆነዋል። በአገራችን ዐሥራ አምስት ፈረስ የነበረው ሰው ስሙ ከወንዝ ወዲያ ይሰማ እንደ ነበር ከአባቶቼ ሰምቻለሁ። እነዚህ ፈረሶች ግን ገብስ አይበሉ፣ ውኃ አይጠጡ፣ ጋሪም አይስቡ፤ የሚያውቁት ማሽካካት ብቻ ነው። በወንዙ ዳገት አፋፍ ሻይ የምትሸጠው ሁሪያ፣ ያኔ ስለ አዲሱ ጉልበት ብጠይቃት፣ «ጉልበቱን እንጃ መምህር፤ እኔስ እሱ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቼን በሁለት እጄ መያዝ ጀምሬአለሁ» ብላኝ ነበር። ስለዚህ ጩኸት በጉልበት ስም እንዲመዘን ስለፈቀዱ፣ በከተማው ጥሩምባ ሁሉ ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ማስረጃ ተብለው በቢሮዎ በር ላይ የተሰቀሉትን ሁለቱን ፎቶግራፎች ሄጄ ተመልክቻለሁ። በመጀመሪያው ሥር፣ ለመፈተኛ የቆመው ትራክተር በዱሮው ማጣሪያ ኀምሳ ኩንታል ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ እየጎተተ የወንዙን ዳገት በሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ እንደ ወጣ ተጽፏል፤ በሁለተኛው ሥር፣ በአዲሱ ማጣሪያ ያንኑ ጭነት ይዞ ያንኑ ዳገት በአንድ ደቂቃ ከኀምሳ ስምንት ሰከንድ እንደ ጨረሰ ተጽፏል። ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ቀላል ነገር አይደለምና ልቤ ሊያምን ዳር ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን የሽማግሌ ዓይን ከፊደል ይልቅ ጥላ ማየት ይቀናዋል፤ በመጀመሪያው ፎቶግራፍ የትራክተሩ ጥላ ከጎማው ሥር ኩርምት ብሎ ተኝቷል፣ በሁለተኛው ግን ያው ጥላ ረዝሞ ወደ ምዕራብ መንገዱን ተሻግሮ የሁሪያን ዳስ ነክቷል። እንግዲህ አሮጌው ማጣሪያ የተፈተነው ድንጋዩ በሚግልበት በቀትር፣ አዲሱ የተፈተነው ነፋሱ ገና ከሱዳን በኩል ቀዝቀዝ እያለ በሚመጣበት በማለዳ ነው ማለት ነው።

የጋለ አየር ሳስቶ ሞተርን እንደሚያደክም፣ የቀዘቀዘ አየርም ረግቶ እንደሚያበረታው፣ ትራክተር የነዳ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቀዋል። ቢሆንም በግምት እንዳልናገር፣ ምንም ዓይነት ጉልበት ጨማሪ ያልገጠመበትን የጎረቤቴን የደረበን ትራክተር ለምኜ፣ አንድ ብሎን ሳላስነካ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ኀምሳ ኩንታል፣ አንድ ጊዜ በቀትር አንድ ጊዜም በማለዳ አስወጣሁት። ልዩነቱ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ሆነ። ዐሥራ አንዱን ሰከንድ ፈጣሪ ለደረበ በየማለዳው ያለ ማኅተም ይሰጠው ኖሯል። የተረፈችውን አንዲት ሰከንድ ለነጋዴው ከአክብሮት ጋር ያደርሱልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ሦስተኛ። እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር የሚያስቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም።

የወይዘሮ ወለተሥላሴ ትራክተር ሾፌር ቢያድግልኝ ይባላል፤ በዚህ ቆላ ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የያዘ፣ ሞተር ሲያስነጥስ ገና ከመኝታው የሚነቃ ሰው ነው። አዲሱ ማጣሪያ በተገጠመ ዕለት ዕቃውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ወዲያ ማዶውን ያሳየኛል፤ ብርሃን ያሳለፈ አቧራ ይከለክላል ወይ?» ብሎ ነጋዴውን በሰው ፊት ጠየቀ። ነጋዴውም፣ «አንተ መሪህን ያዝ፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተንፍስበት። ይሄ የሠለጠነ አገር ዕቃ ነው» ሲል መለሰለት። በቦታው የነበረው የዴስክዎ ባለሙያም ሣቀ ይባላል።

ሞተሩም እንደ ልቡ ተነፈሰ። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ደረቁ መሬት ሲገለበጥ ከፊት ያለው ከኋላው ያለውን በማያይበት አቧራ ውስጥ፣ ቀድሞ አሮጌው ማጣሪያ በዘይቱ ይዞ ያስቀረው የነበረውን ሁሉ እየማገ ገባ። ቢያድግልኝ አሮጌው ማጣሪያ እንዲመለስ ሁለት ጊዜ ለመናቸው፤ ወይዘሮዋ ግን፣ «ልጄ፣ ማኅተም ያለበትን ነገር እኔ ምን ብዬ አስወልቃለሁ?» አሉት። በሰኔ ሃያ ጭሱ ሰማያዊ ሆነ፤ ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ቀን ትራክተሩ በእርሻው መካከል ቀጥ አለ። ሜካኒኩ ሞተሩን ሲፈታ ሲሊንደሩ በአሸዋ እንደ ተፈገፈገ ብረት ድስት ተልጎ አገኘው፤ በአየር መግቢያው ቧንቧ ውስጥም በጣቱ ጠርጎ የሚያሳየው አቧራ ነበር። በማግሥቱ ዝናቡ ወረደ፣ ዋልካው ጥቁር አፈር ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሰው እንጂ ጎማ አይገባበትም፤ ከመሬታቸው እኩሌታው ሰሊጥ ሳያይ ዓመቱን በአረም ፈጀ።

አራተኛ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ዴስክዎ ዝም ቢል ኖሮ እኔም ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን በነሐሴ ወር፣ ሞተሩን ያየውን ሜካኒክ ሳይጠይቅ፣ ትራክተሩንም ሳያይ፣ «ብልሽቱ የደረሰው በሾፌሩ የአያያዝ ጉድለት ነው» የሚል ደብዳቤ በማኅተም አስደግፎ አወጣ፤ ግልባጩንም ለባለትራክተሮች ሁሉ አደለ። ለዚህ ፍጥነት ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም፤ አንድ ማኅተም ፈረስ ሲጨምር ዓመት አልፈጀበትም፣ የሰው እንጀራ ሲቀንስማ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። ከዚያ ወዲህ ለቢያድግልኝ መሪ የሚሰጠው አልተገኘም። ወይዘሮዋ እንኳ በልባቸው ንጹሕነቱን እያወቁ፣ ደብዳቤውን ያዩ ወንድሞቻቸው ከለከሏቸው። ዛሬ በአብደራፊ መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፤ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥቶ፣ «መምህር፣ ወገቤስ ይለምደዋል፤ ትራክተር ባለፈ ቁጥር ሰዎቹ ዘወር ብለው የሚያዩኝን ግን አልለመድሁትም» አለኝ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርሁት በዚያው ምሽት ነው።

ክቡር ሆይ፤ ትራክተሮቹ ወደ እርሻ ሊወጡ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው፤ ባለትራክተሮችም ሾፌር የሚይዙት በዚህ ሳምንትና በሚመጣው ነው። ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ሆኖ፣ ይኸውም ማኅተምዎን ከማስታወቂያው ላይ እንዲያነሡና ስለ ቢያድግልኝ የጻፉትን ደብዳቤ በተጻፈበት ቀለምና በታደለበት ብዛት እንዲሽሩት ነው። ካሳ አልጠይቅም፣ ክስም አላስብም። ዕቃው በእውነት ጉልበት የሚጨምር ከሆነም፣ ሁለቱንም ማጣሪያ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዳገት በሕዝብ ፊት ይፈትኑት፤ እኔ ሰዓቴን ይዤ፣ ሁሪያም ብርጭቆዎቿን ይዛ እንገኛለን።

ስለ ታገሡኝ፣ ስለማይመልሱልኝም መልስ ጭምር አስቀድሜ እያመሰገንሁ፣ ፈረሶችዎ እንዲበዙ፣ ጥላዎም እንደ ማለዳው ፎቶግራፍ እንዲረዝም የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ
መምህር ባዘዘው ገብረማርያም
(ጡረተኛ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ኮኪት
ለቢያድግልኝ፣ አብደራፊ፣ ጆንያውን አውርዶ እንዲያነበው
ለሁሪያ ሻይ ቤት ግድግዳ

በተጨማሪ። አንዱአምላክ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልህ ለኃላፊው ሳይሆን በሦስተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ ለነበረው ተማሪዬ ነው። በስምንተኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተና፣ አንዱ ችግኝ ማዳበሪያ ተጨምሮበት በፀሐይ፣ ሌላው ማዳበሪያ ሳይጨመርበት በጥላ ቢተከሉና የመጀመሪያው ቢበልጥ ምን ማለት እንችላለን ብዬ ጠይቄ ነበር። አንተ «ማዳበሪያው ጥሩ ነው» ብለህ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት መለስህ። ያገኘኸው ሠላሳ አምስት ነበር። እናትህ በር ላይ ቆመው ስላየኋቸው፣ ጽሕፈትህም ስለማረከኝ፣ ዐሥራ አምስት ጨምሬ አሳለፍሁህ። በዚህ ወረዳ ያልነበረ ዐሥራ አምስት ጨምሮ የፈረመ የመጀመሪያው ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ። እኔ ዛሬ በሕዝብ ፊት ፊርማዬን አንሥቻለሁ፤ ያንተን ማኅተም እጠብቃለሁ።