ዱቄቱን ያራሰው ትንፋሼ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ከማሸጊያ ክፍል ወደ ላብራቶሪ ተዛወርኩ... በዚህ ዕድሜዬ! ለሙከራ ነው፣ እስከሚመጣው ሰኞ። ካልሆነልኝ ወደ ካርቶኖቼ። ሥራው በመድኃኒት ዱቄት ውስጥ ያለውን ውሃ መለካት ነው። ደረቅ ዱቄት ምን ውሃ አለው? አለው ለካ! ማሽኑ በኤሌክትሪክ አዮዲን ያመርታል፣ አዮዲኑ ውሃውን በልቶ ይጨርሳል። ከፈጀው ኤሌክትሪክ ተነስቶ ውሃው ይታወቃል። ደስ ሲል! ለባሌ አንድ በአንድ ነገርኩት። "እሺ" አለ። መቼ ሌላ ቃል ያውቅና።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ያው ዱቄት፣ ያው ማሽን። አለቃዬ ስትለካ ቁጥሩ ዝቅ፣ እኔ ስለካ ከፍ። ልጄ የምትሆን ናት፣ አትቆጣም... ራሷ ደግማ ትለካለች። ጓንት ቀየርኩ፣ ማንኪያውን አደረቅኩ። ያው ነው። ምን ነካኝ? ካርቶኖቹ ሊጠሩኝ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ተገኘ! ለአለቃዬ ስለ ጎረቤቴ ድመት እያወራኋት ዱቄቱን ስመዝን...

"እትዬ፣ አፍዎን!"

"አፌ ምን ሆነ?"

"የዱቄቱ ጠርሙስ ክፍት ነው እኮ! ትንፋሽዎ እርጥበት አለው፣ ዱቄቱ ደግሞ ይጠጣዋል።"

በሳቅ ሞትኩ... እሱንም ጠርሙሱ ላይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ከእኔ አፍ ግን ውሃ ይወጣል!

"ክዳኑን ከዘጉ በኋላ እንደልብዎ ያውሩ" አለችኝ። ዝም ብዬ መመዘን... እችል ይሆን? ሞክሬው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ቤት ተለማመድኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ዝም። ዕቃ ሳጥብ ዝም። ባሌ ብቅ እያለ ያየኛል።

"አመመሽ እንዴ?"

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ ቆይቶ... "ልጅ ሆኜ የአባቴን ሰዓት ፈትቼ መግጠም አቃተኝ። ፈርቼ ከቤት ጠፋሁ" አለ።

ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር አልሰማሁም! አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። የት እንዳደረ፣ አባቱ እንዴት እንደፈለገው ነገረኝ። ከዚያ እንግዳ መጣና ተቋረጠ። አላወራም ነው ወይስ... ክፍት ቦታ አጥቶ ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 11

አለቃዬ አጠገቤ ቆመች። ክዳኑን ከፈትኩ። ዝም። መዘንኩ፣ ጨመርኩ፣ ዘጋሁ። ማሽኑ ሠርቶ ቆመ... ከእሷ ቁጥር ጋር ገጠመ!

"በቃ እትዬ፣ የላብራቶሪው ወንበር የእርስዎ ነው። ድመቷስ ምን ሆነች?"

ክዳኑን አየሁ። ተዘግቷል። ወሬዬን ለቀቅኩላት!

ቤት ስገባ ወሬው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ባሌ በር ከፈተልኝ።

"እንዴት ሆንሽ?"

"ወንበሩ የእኔ ሆነ!" አልኩት። ሌላውን ዋጥኩት።

"ያንን የአባትህን ሰዓት ግን... በመጨረሻ ማን ገጠመው?" ብዬ ጠየቅኩት።

ፈገግ አለ። ወንበር ሳበ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ... አፌን ዘግቼ።