የጥቅምቱ ባሕር

ኦሮራ፣ መስከረም 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ቤዚ፣

እግዚአብሔር ስትወጪም ስትገቢም ይጠብቅሽ፤ አዲስ የሚበቅለውን ጥርስሽን ያጠንክርልሽ። አያትሽን በስሜ ሳሚልኝ፤ እሳቸውን አልተቀየምኩም።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። ቤቱ ጭር ስላለብኝ ራዲዮኑን ከፍቼ ነው የምውለው። ለጥቅምት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ኦሬገን ውስጥ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይዣለሁ። ያኔ እንግዳ ስለማይበዛ ባሕሩ የኔና የአንቺ ብቻ ይሆናል።

አባትሽ ለአንድ ክረምት ብሎ አገር ቤት፣ አያትሽ ዘንድ ሲወስድሽ የፈቃድ ወረቀቱን የፈረምኩት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስለለመኑኝ ነበር። እሱ ግን እዚያው ትምህርት ቤት አስገባሽ። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ለገሠ፣ "ልጅቷ ሳትመለስ ምን ሽርሽር ነው? ታገሺ እንጂ እህቴ" አሉኝ።

"ታግሼ አይደል ያጣኋት? አሁን ጠበቃ ይዣለሁ" አልኳቸው። ሰላምታ የሰጠኝ ሰው ሳይኖር ወጣሁ።

አንቺ በዚህ አትጨነቂ፤ ምግብሽን በደንብ ብዪ።

ለባሕሩ ቦት ጫማ ልገዛልሽ ሄጄ፣ ሻጯ የእግርሽን ቁጥር ስትጠይቀኝ አላወቅሁትም። እባክሽ የኔ እናት፣ እግርሽን ወረቀት ላይ አሳርፊና ዙሪያውን በእርሳስ አስምረሽ ላኪልኝ። ጌታ መንገድሽን ወደ እኔ ያቅናው።

እናትሽ ሠርካዲስ