የአራት ቁጥር ደወል

ልጄ ማርላ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ለሦስት ወር በነርስነት በተቀጠርኩባት፣ በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ባለች ትንሽ ከተማ በረዶው መስኮት ደርሷል። ሆስፒታላችን አሥራ ሁለት አልጋ ብቻ ነው ያለው። ለመሆኑ ሊዝበን ይበርዳል? ሹራብሽን ትለብሻለሽ?

ማክሰኞ ጠዋት፣ ማንም ካልተኛበት ከአራት ቁጥር ክፍል የነርስ መጥሪያው ጮኸ። የአገሩ ተወላጅ የሆነችው ነርስ ዶሎረስ ቀና እንኳ ሳትል «ሂጂላት» አለችኝ።

«ማን አለና?»

«እንግዳ ስለሆንሽ ነው የምትጠይቂው። ዝም ብለሽ ሂጂ!»

እየሳቅኩ ገባሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። መጥሪያውን ላጠፋ ስጠጋ ከግድግዳው ማዶ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። ሮጬ አምስት ቁጥር ብገባ፣ ሽማግሌውን ሚስተር ኦርቪልን ቁርሳቸው አንቋቸው ፊታቸው ጠቁሯል። ጀርባቸውን ደጋግሜ መታሁ። ጉርሻው ወጣ፤ ተረፉ።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥሪያውን ፈቶ አየና «ሲስተር፣ ይሄ ሽቦ እኮ ከተቆረጠ ዓመታት አልፎታል» አለኝ።

ዶሎረስም «እዚያ ክፍል የሞተችው በሽተኛ ናት የምትጠራን» አለችኝ። ያን ቀን ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ግን እንደገና ቢጮህ ማን ይሄዳል ብዬ ቀረሁ። ትናንት ጮኸ። «መጣሁ» አልኩ።

መላእክቱ ከፊትም ከኋላም ይሁኑልሽ። እሁድ እሁድ እንኳ ደውይልኝ፣ ልጄ፤ የሕያው ሰው ጥሪ ናፍቆኛል።

እናትሽ ግሬታ