ክቡርነታቸው በአዎንታዊ መንፈስ ያዩታል

ጥቅምት 4

ክቡርነታቸው ዛሬም ክራቫት አስረው ቁርስ ቀረቡ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው! የሚጠብቃቸው እንግዳ የለ፣ የሚጠራቸው መሥሪያ ቤት የለ። እኔና የተቀቀለ እንቁላል ብቻ።

«በጣም በስሏል እንዴ?» አልኩ።

«እንቁላሉ የራሱ የሆነ ባሕርይ አለው» አሉ።

ባሌ እንግዲህ እኚህ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አምባሳደር።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው መሃል ቆመው የወደቡን ሥዕል ሲመረምሩ አገኘኋቸው። ያን ሥዕል ከአገር አገር ስጠቀልልና ስፈታ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አንድ ቀን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። ዛሬ ምን ተገኘ? ጠጋ ብዬ አየሁ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

«ደከመህ?»

«ብርሃኑ… ጥሩ ነው» አሉ።

ሐኪም ቤት መሄድ አለብን።

ጥቅምት 9

የልብ ቀዶ ሐኪሟ የልጃችን እኩያ ናት። ፈጣን፣ ጥፍሯን የቆረጠች፣ ወሬ የማታበዛ። ወደድኳት። የልባቸው ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ ጠቧል። ካልተቀየረ ብዙ እንደማይቆዩ ፊት ለፊት ነገረቻቸው።

«እሺ አባባ፣ እንሥራው?»

«አባባ» ስትላቸው ቅንድባቸው ተነሣ። ክቡር አምባሳደር የት ሄደ?

«ያቀረቡልኝን ሐሳብ በአዎንታዊ መንፈስ እመለከተዋለሁ።»

«ጎበዝ! በቃ፣ ለጥቅምት ሃያ አልጋ እይዝልዎታለሁ።»

ልጅት ደስ አላት። እኔ ደነገጥኩ። በዚህች ዓረፍተ ነገር ስንት ነገር እንደተቀበረ አውቃለሁ… አንድ ድልድይ፣ ሁለት የንግድ ውል፣ የአንድ ጎረቤት መንግሥት ሙሉ ልመና። «አይሆንም» ማለታቸው ነው።

ግን ዝም አልኩ። ባልሽን ሰው ፊት አታርሚ። በየግብዣው ያስተማሩኝ ይህንን ነው። ቤት ስንገባ አነሣዋለሁ አልኩ። ቤት ስንገባ ተኙ።

ጥቅምት 13

ሻንጣቸውን አዘጋጀሁ። ቢጃማ፣ መላጫ፣ መነጽር። እጄ ለምዶታል። አምስት አገር አሽጌ አምስት አገር ፈትቻለሁ፤ በመዓረግ ቅደም ተከተል እያስቀመጡኝ ከዓለም አሰልቺ ወንዶች ጋር ሁሉ ራት በልቻለሁ። ዝርዝሩን ብጽፈው ቀለም አይበቃኝም።

እሳቸው ግን በሹመት አደጉ። ለምን አያድጉ? ያስቀየሙት ሰው የለ። በአንደኛው አገር መፈንቅለ መንግሥት የተነሣ ቀን መስኮታችን በጥይት ረግፎ፣ እኔና ልጄ ጠረጴዛ ሥር ተጋድመን፣ ወደ አገር ቤት የላኩት መልእክት «በከተማው መጠነኛ የእንቅስቃሴ መስተጓጎል ይታያል» የሚል ነበር። ተመሰገኑበት።

ልጃችን ደውላ «አባዬ፣ ሆስፒታል ትገባለህ አይደል?» አለቻቸው።

«ምክክሩ ቀጥሏል» አሉ።

ከማን ጋር ይሆን የሚመካከሩት? ከእኔ ጋር እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ጥቅምት 20

አልሄዱም።

ታክሲው በር ላይ ቆሟል፣ ሻንጣው ወጥቷል፣ እሳቸው ጓሮ ሆነው ጋዜጣ ያነባሉ። «ቀኑ ለሁለቱም ወገኖች አመቺ አይመስለኝም» አሉ። ሁለተኛው ወገን ማነው? ሞት?

ሐኪሟ ደወለች። አልጋውን ለሌላ ሰጥታለች።

«እማማ፣ እሺ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«እሺ አላለሽም የኔ ልጅ። በአዎንታዊ መንፈስ እመለከተዋለሁ ነው ያለሽ።»

«እና አይሆንም ማለት ነው? እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያኔ እዚያው ተቀምጠው ለምን አልነገሩኝም?»

ምን ልበላት? ደንብ ነው ልበላት? ስልኩን ዘጋሁ። ባለጌ ሆንኩ።

ጥቅምት 24

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መነሣት አቃታቸው። ልጃችን መጣችና ጮኸች። እሷ ስትናገር ጎረቤት ይሰማል፤ በዚህ ቤት ስላደገች አልፈርድባትም።

«አባዬ፣ መሞት ነው የምትፈልገው?»

«ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡ…»

«ተወው! ተወው በቃ!» በሩን በላያችን ደርግማ ሄደች።

ክቡርነታቸው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ስሜቷ የሚጠበቅ ነው» አሉ። ደግሞ አስተያየት!

ጥቅምት 26

የግብዣ ቀሚሴን ለበስኩ፤ ወገቤ ላይ እምቢ አለ፣ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። መመገቢያ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ወዲያው ጀርባቸው ቀና አለ፣ ኮታቸውን ቆለፉ። ልማድ ክፉ ነው።

«አጀንዳው አንድ ነው» አልኩ። «ለምን አትታከምም?»

«ከጉዳዩ ውስብስብነት አንጻር…»

«ይሰረዝ።»

«ጊዜው ሲፈቅድ…»

«እሱም ይሰረዝ።» ለመድረክ የጻፉትን ንግግር ሁሉ ቤት ያረምኩት እኔ አይደለሁ? የት እንደሚደበቁ አውቃለሁ። «ፈርተሃል?»

ብርጭቆውን አዞሩ። በሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ… የሚሰማ ሰው ካለ ብለው ነው።

«ፈርቻለሁ» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። በጥይቱ ቀን እንኳ።

«ምኑን? ቢላውን?»

«ማደንዘዣውን። እኔ በሌለሁበት ሰዎች ከበውኝ ስለ እኔ ይወስናሉ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ስብሰባ ላይ ወንበሬ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እዚያ… ለእኔ የሚናገር ማን አለ?»

ሰውዬው ሞትን አይደለም የፈራው። ስብሰባ እንዳያመልጠው ነው! ልስቅ ነበር። ብርጭቆዬን አነሣሁና ሳቄን በውኃ ዋጥኩት።

«እኔ እናገራለሁ» አልኩ።

«አንቺ?»

«እኔ።»

ኅዳር 2

እንደገና እዚያችው ቢሮ። ልጃችንም አለች፤ ጥግ ይዛ ተኮሳትራለች። ሐኪሟ ዛሬ አልተሞኘችም። «አባባ፣ አዎ ወይስ አይደለም?»

አፉን ከፈተ። «በመርህ ደረጃ…»

«ዶክተር፣ ፈርቷል» አልኩ። «ተኝቶ የሚሆነውን ስለማያውቅ ፈርቷል። ይሠራለት። የሚጠየቅ ነገር ቢመጣ በሩ ላይ እኔ አለሁ።»

ሰው ፊት አፉን ስዘጋው የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ… እናቷን ያየች አልመሰላትም።

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። «አባባ?»

«እሷ ያለችው ነው» አለ። «አዎ።»

ኅዳር 6

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ላስቲክ፣ ግድግዳው ቅባታማ፣ ማስታወቂያው ላይ ሦስት የፊደል ስሕተት። ልጄ እጄን ይዛ ነበር። አንድ ጊዜ ሐኪሟ ብቅ ብላ ቫልቩ ከብረት ይሁን ወይስ ከእንስሳ የተሠራ ብላ ስትጠይቀኝ ተነሥቼ ልዩነቱን ጠየቅኋት፣ አስረዳችኝ፣ ወሰንኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

አመሻሽ ላይ ነቃ። ከናፍሩ ደርቋል፣ ግን ቀልቷል። ዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ።

«ምን… ወሰኑ?»

«እንድትኖር።»

አሰበበት። «በሙሉ ድምፅ?»

«ልጅህ ድምፀ ተአቅቦ ልታደርግ ነበር። ተቆጣኋት።»

ሳቀ። ወዲያው ደረቱን ይዞ ፊቱን አጨማደደ።

«አመመኝ» አለ።

እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ።