አዲሷ ነጠብጣብ

ጥቅምት 9 ቀን 1988
ከላፍቶ ታክሲ ጠፍቶ አረፈድኩ። ሥራው ያው ነው... በሙቀት የገደልነውን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በክሎሮፎርም ዘፍዝፎ ስቡን ማውጣት፣ ማድረቅ፣ መለየት። ባለፈው ሳምንት ግን ስቡን በምንለይበት መስታወት ላይ አይቻት የማላውቃት ነጠብጣብ ወጣች። ከበሽተኞች ደም ጋር አቆይተናት ዛሬ ስናይ የመከላከያ ሴሎቹ ተባዝተዋል!
የአለቃዬ የዶክተር አምሐ ደስታ ሌላ ነው። «ጸዲዬ፣ በዚች ስምሽ ይታተማል» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ስሜ አንድም ጽሑፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔም ሰው ልሆን ነው እንዴ?

ኅዳር 4
ክሎሮፎርም አልቆ መጋዘን ወረድኩ። ጋሽ ቀጄላ ከቢጫ ጀሪካን ሲቀዱልኝ ደርቄ ቀረሁ።
«ምን ነካዎት ጋሼ? ፕላስቲክ ውስጥ?»
«ትልቁ ጠርሙስ መስከረም ላይ ተሰነጠቀብኛ! ታዲያ ልድፋው? ደሞ የዘይት ስለነበር በኦሞ ሦስቴ አጥቤዋለሁ።»
የዘይት! ክሎሮፎርም ሥራው ስብ ማሟሟት...
ባክቴሪያ ሳልጨምር ክሎሮፎርሙን ብቻ አድርቄ አየሁ። ነጠብጣቧ እዚያው ቁጭ ብላለች።

ኅዳር 12
የጀሪካኑን ነቀርሳ በሌለበት በራሴ ደም ሞከርኩት። ሴሎቼ ያው ተባዙ። ለዶክተር ነገርኩት። በሩን ዘጋ።
«ለማን አወራሽ?»
«ለማንም።»
«በቃ። ጽሑፉ ለጥሩ የሳይንስ ጉባኤ ተልኳል። ደሞ ቀጄላ እንዲባረር ትፈልጊያለሽ?»
አምስት ልጅ ያላቸው ሰውዬ... እሺ ብዬ ወጣሁ። በእሳቸው ላሳብብ? ስሜ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 20
ዶክተር ወደ ጉባኤው አልሄደም። ጉንፋን ይዞኛል አለ። ጉንፋን!

መጋቢት 2
የጉባኤው መጽሐፍ መጣ። ስሜ አለ። ብቻውን። ገለበጥኩ፣ መልሼ ገለበጥኩ... የአምሐ የለም። ለካ የራሱን አሰርዞ የእኔን ትቶታል!
«ሥራው ያንቺ አይደል? ለምን ልቀማሽ?» አለ፣ ፊቴን ሳያይ። ወይ አለመታደል! ኅዳር ላይ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።

ሰኔ 11
ከውጭ ላቦራቶሪ ደብዳቤ መጣ፣ በስሜ። ሙከራችንን ሊደግሙ ሦስት ወር ሙሉ ለፍተው ነጠብጣቧን አጥተዋታል። «የተሳሳትነው ምን ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ፣ በትሕትና። ራሳቸውን ነው የጠረጠሩት... አፈርኩ።
ዶክተር «አትመልሺ፣ ይረሱታል» አለ።
መለስኩ። የምግብ ዘይት ነው አልኩ። ጀሪካኑን ማን እንዳመጣው አልጠቀስኩም። ከኅዳር ጀምሮ አውቅ ነበር የሚለውን ግን አስገባሁ። ከነአያቴ ስም ፈርሜ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ጽሑፍ ይኸው... ግማሽ ገጽ።