ታጥቦ የተመለሰ ፕሮግራም

ጁላይ 14
እኔ ዮስር፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ወንጀለኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ የአክስቴን የሳሉሃን የሙሽራ ቀሚስ ማከራያ ሱቅ፣ ሳላስፈቅድ፣ በኢንተርኔት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ላይ አስመዝግቤዋለሁ። አንድ ወር በነጻ፤ ከዚያ በየወሩ ኪራይ። ምን ላድርግ? ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ቀሚስ ለሁለት ሙሽሮች ሰጥተው የለ? "ሁሉም እዚህ አለ" ይላሉ፣ ግንባራቸውን መታ መታ እያደረጉ። አለ... ግን ተደራርቦ።

ጁላይ 16
ተነቃብኝ። ሊቆጡኝ ነው ስል፣ ኪራይ መሆኑን ሲሰሙ ለዘብ አሉ። ኪራይማ ይገባቸዋል። የከተማችንን የማህዲያን ሙሽሮች በሙሉ በአንድ ጣት ሲያስገቡ ዋሉ። አንድ ፊደል... ትንፋሽ... አንድ ፊደል።

ኦገስት 2
ጭንቅላቴ ቀለለኝ አሉ። የትኛው ቀሚስ መቼ ለማን እንደሚወጣ አሁን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ማታ ማታ በሰላም ያንኮራፋሉ።

ኦገስት 13
ጉድ ፈላ። ነጻው ወር ነገ ያበቃል የሚል መልእክት ደርሷቸው ኖሮ፣ ከባሕር ስመለስ ፊታቸው በኩራት አብርቶ ጠበቁኝ። የሙሽሮቹን ስም ከነቀጠሯቸው አንድ በአንድ አጥፍተውታል።
"የተከራዩት ዕቃ ሲመለስ ታጥቦ ነው። ቀሚሱን ከነላቧ የምትመልስልኝን ምን እንደምላት ታውቂ የለ?"
"የዚህ ወር ሠርግ ሁሉ እኮ እዚያ ውስጥ ነበር፣ አክስቴ።"
ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ነገ የሚወጣው ቀሚስ የማን ነበር? እሳቸውም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ...

ኦገስት 14
ሲነጋ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ራኒም የምትባል ልጅ አነሳች። ነገሩን ስነግራት ሳቋን እየዋጠች ነበር። የጠፋው ሁሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ባለው ቆሻሻ መጣያ አንድ ወር ይቆያል አለችኝ። አክስቴ ስልኩን ነጠቁኝ።
"ሙሽሮቼ ቆሻሻ ውስጥ ነው ያደሩት?"
ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ተመለሱ። አክስቴ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ።
የዓመቱን ኪራይ ባንዴ ከፈሉ። ራኒም ስታገባ የወደደችውን ቀሚስ በነጻ ትወስዳለች፤ ቃል ተገብቶላታል። እጮኛ እንኳ የለኝም ብትላቸው፣ እሱንም እንፈልግልሻለን አሏት። እኔን ደግሞ ግንባሬን ሳሙኝ። አንቺ ባትኖሪ፣ ብለው ጀመሩና... አልጨረሱትም። ይበቃኛል።

ኦገስት 22
አንድም ቀሚስ አልተደራረበም። አላህ ለራኒም ይስጥልን... ለቆሻሻ መጣያውም።
ቀሚስ መመለስ ላዘገዩት በፕሮግራሙ የሚላከውን ማስታወሻ ትናንት በአክስቴ ስም፣ ሳይነግሩኝ፣ እኔ ጻፍኩት፦ "እስከ ምሳ ካልመለስሽ፣ ራሴ መጥቼ ከላይሽ ላይ አወልቀዋለሁ። ሳሉሃ።" ሁሉም መለሱ። አንዷማ በታክሲ እየበረረች።
አክስቴ አሁን መነጽራቸውን አድርገው ፕሮግራሙ ፊት ተቀምጠዋል። ድሮ የሚፈሩትን ሁሉ ዛሬ እየከፈቱ ያነባሉ። በአንድ ጣት... ቀስ ብለው... "የተላኩ መልእክቶች" የሚለው ላይ ደረሱ እንዴ?
"ዮስር። ነይ እስቲ ወዲህ።"