ዕድሜዋ በስምንት ዓመት የተቀነሰላት ቮልስ

ቀን፦ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.
የመዝገብ ቁጥር፦ 214/79

ለአውራጃው ፍርድ ቤት
ለፍትሐ ብሔር ችሎት
አምቦ

አመልካች፦ መምህርት ሲንቄ ኦልጅራ፣ አድራሻ አምቦ ከተማ
ተጠሪ፦ አቶ ቀንዓ ኦልጅራ፣ አድራሻ ጊንጪ ከተማ

ጉዳዩ፦ ገማች ኮሚቴው የአባቴን መኪና የሥሪት ዘመን በስሕተት በእኛ አቆጣጠር በመመዝገቡ የተዛባው ግምት እንዲታረምልኝ፣ እስከዚያም ከምኖርበት ቤት እንዳልወጣ እንዲታዘዝልኝ ስለመጠየቅ።

ከእኔ በፊት የተሰለፈ ብዙ ባለጉዳይ እንዳለ በየቀጠሮው ስለማይ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። በአንድ የግምት ወረቀት ላይ «ዓ.ም.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ያለ ቦታቸው ስለገቡ ከቤቴ ልወጣ ነው። የተሰጠኝ ጊዜ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ብቻ ነው። ዝርዝሩን እንደሚከተለው ለተከበረው ችሎት አቀርባለሁ።

1. አባታችን አቶ ኦልጅራ ኩምሳ በጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ሐምሌ 20 ቀን 1978 ዓ.ም. አርፈዋል። የተዉልን ሁለት ነገር ነው፤ አምቦ የሚገኘው ባለ ሦስት ክፍል ቤትና በግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ የቆመችው ቮልስዋገን። ወራሾቹም ሁለት ነን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ቀንዓ። ባለቤቴ በ1970 ዓ.ም. ለዘመቻ ሄዶ ካልተመለሰ ወዲህ ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው በዚሁ ቤት ነው። አባቴንም የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ያስታመምኳቸው እዚሁ ነው። ይህን የምጠቅሰው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን ሌላ የምሄድበት ቤት እንደሌለኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

2. ይህ ችሎት ንብረቱ ተገምቶ በስምምነት፣ ስምምነት ከታጣም በዕጣ እንድንካፈል አዝዞ ነበር። በትእዛዙ ቅር አላለኝም። ሦስት አባላት ያሉት ገማች ኮሚቴ ጥር 15 ቀን 1979 ዓ.ም. ግቢያችን መጣ። ሰብሳቢው አቶ ወልደሰንበት እህል በመመዘን ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ጸሐፊዋ ወ/ሪት ሸዋገነት የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ለሰው ክፉ የማያስቡ ልጅ ናቸው። ሦስተኛው አባል ኦቦ ፈይሳ የወንጪ ሰው ሲሆኑ በፈረስ ግምት የሚስተካከላቸው የለም፤ ጥርሱን ገልጠው አይተው ዕድሜውን ይናገራሉ። ከሦስቱ መኪና ነድቶ የሚያውቅ አንድም የለም።

ቤቱን በአግባቡ አዩት። ግድግዳውን አንኳኩ፣ ቆርቆሮውን ቆጠሩ፣ 5,000 ብር አሉ፤ በዚህ አልከራከርም። ወደ ቮልሷ ሲመጡ ግን የፊቱን ክዳን ከፍተው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት «የዕቃ መጫኛው ሰፊና ንጹሕ ነው» ብለው መዘገቡ። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ መሆኑን ስነግራቸው አቶ ወልደሰንበት «የኋላውን ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አሉ። ሌላ ጊዜ አልመጡም። ቢከፍቱት ኖሮ ካርቡሬተሩና ዲናሞው እንደሌሉ ባዩ ነበር፤ አባቴ ቤንዚን በኩፖን ከሆነና መንዳት ካቆሙ በኋላ መድኃኒት መግዣ ሲያጡ ሸጠዋቸዋል። ኦቦ ፈይሳ ብቻ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞረው ካዩ በኋላ «አዴ ሲንቄ፣ ጥርስ የላትም እኮ፤ በምን ልወቅ?» አሉኝ። በዚያ ቀን እውነቱን የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

3. የመኪናዋ ዕድሜ የተወሰደው ከሊብሬዋ ነው። ሊብሬው «ሞዴል 1967» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። ይህ የፈረንጅ ዓመት ነው። መኪናዋ የተሠራችው ጀርመን ሀገር ነው፤ ጀርመኖች ደግሞ እንቁጣጣሽን አያውቁም። ሹፌር የሆነ ሁሉ «የ67 ሞዴል» ሲባል በፈረንጅ መሆኑን ሳይነገረው ይረዳል፤ በእኛ 1959 ዓ.ም. ማለት ነው። ወ/ሪት ሸዋገነት ግን በግምት ወረቀቱ ላይ «የ1967 ዓ.ም. ሥሪት» ብለው ጻፉ። በኋላ ለብቻቸው አግኝቼ ስጠይቃቸው «ቁጥሩ ብቻውን ሲሆን ጽሑፉ ያላለቀ መሰለኝ» አሉኝ፤ ማረም ግን ያለ ሰብሳቢው ፊርማ አይችሉም። የመጀመሪያ ቀን እኔም ስቄ ነበር፤ ከእኔም ዕድሜ ስምንት ዓመት የሚቀንስልኝ ጸሐፊ ባገኘሁ ብዬ። ዓመተ ምሕረት የሚለው ቃል እንዲህ ምሕረት የሌለው መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

4. የሒሳብ መምህርት ነኝና ስሌቱን ላሳይ። ኮሚቴው የአዲስ ቮልስ ዋጋ 14,000 ብር ነው ብሎ ተነሣ፤ ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁም። ለእርጅና በየዓመቱ ከመቶ አምስት፣ ማለትም 700 ብር፣ ይቀነስ አለ። ከ1967 እስከ 1979 አሥራ ሁለት ዓመት ስለሆነ 8,400 ብር ተቀንሶ 5,600 ብር ቀረ። ያንኑ ስሌት በትክክለኛው ዘመን ብንሠራው ከ1959 እስከ 1979 ሃያ ዓመት ነው፤ ሃያ ጊዜ 700 ደግሞ 14,000 ነው። ቀሪው ዜሮ ነው። ይህን የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ወጥተው ይሠሩታል።

እኔ መኪናዋ ዜሮ ናት አልልም። በሮቿ ይዘጋሉ፣ መስታወቷ አልተሰበረም፣ ብረቷም ብረት ነው። መካኒኩ አቶ ጉደታ ሁለቱንም ክዳን ከፍተው፣ ከሥሯም ተኝተው ካዩ በኋላ «ለመለዋወጫ ለሚፈልጋት 1,500 ብር፣ ሊነዳት ለሚፈልግ ግን ምንም» ብለው በፊርማቸው ሰጥተውኛል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

5. ቤቱ 5,000 ብር፣ መኪናዋ 5,600 ብር ስለተባሉ ድርሻዎቹ ተቀራራቢ ናቸው ተብሎ መጋቢት 2 ቀን በሽማግሌዎች ፊት ዕጣ ወጣ። ሁለት ወረቀት ተጠቅልሎ በወንድሜ ባርኔጣ ውስጥ ገባ። ታላቅ ነሽ ተብዬ ቀድሜ አነሣሁ፤ ስገልጠው «መኪና» ይላል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ከዚያ በኋላ የእኔ ድርሻ ስለሚበልጥ ለወንድሜ 300 ብር እንድከፍል፣ ቤቱንም እስከ ሚያዝያ 30 ቀን እንዳስረክብ ተጻፈ። ቤቴን ለቅቄ፣ ገንዘብ ጨምሬ፣ የማትንቀሳቀስ መኪና አገኘሁ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው፤ የእኔዋ ላም ደግሞ የምትቆምበት ግቢ ትፈልጋለች። ቤቱን ሳስረክብ መኪናዋን ወዴት እንደምገፋት የነገረኝ ሰው የለም።

6. ከዕጣው በኋላ ስሕተቱን ለማሳረም፣ ከርእሰ መምህራችን ጋር ስለ ፈቃድ እየተጨቃጨቅሁ፣ ኮሚቴው ዘንድ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን በወረቀት የሰፈረ ነገር በወረቀት እንጂ በአፍ አይፈርስም፣ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ልክ ነው አልኩና ተመለስኩ።

በሁለተኛው ቀን አባቴ መኪናዋን የገዙበትን ውል ይዤ ቀረብኩ። የሸጡላቸው ጭልሞ ደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አንድ ፈረንጅ ናቸው፤ ስለዚህ ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ ዲሴምበር 1969 ይላል። በእኛ ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አቶ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ብቻ አነበቡና «ይኸው ልጄ፣ ራስሽ አመጣሽልን። በ67 ተሠራች፣ በ69 ተገዛች። ምን ጎደለ?» አሉኝ። ስሕተቱ ማስረጃዬንም በላው። በ1969 ዓ.ም. እኚያ ፈረንጅ ሀገራቸው ከገቡ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን የሠርጌን ፎቶግራፍ ወሰድኩ። ጀርባው ላይ በአባቴ እጅ «ጥር 22 ቀን 1963 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። እኔና ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጠናል፤ ቮልሷ ሪባን ታስሮላታል፤ ታርጋዋም ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ያው ቁጥር ነው። በ1967 ዓ.ም. ተሠራች የተባለች መኪና በ1963 ዓ.ም. ሙሽራ ጭናለች ማለት ነው። ሳይወለድ ሚዜ የሆነ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ፎቶግራፉ ማኅተም የለውም፣ በእጅ የተጻፈውን ማንም ሊጽፈው ይችላል ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ማኅተም ያለበትን የጋብቻ ወረቀቴን አመጣሁ። አገላብጠው አዩትና በወረቀቱ ላይ ስለ መኪና የተጠቀሰ ነገር የለም ብለው መለሱልኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን በተመላለስኩ ቁጥር እየደፈረሰ ሄደ።

7. ስለ ወንድሜ ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል፤ ግን ሳልጽፈው ነገሩ አይሟላም። በፎቶግራፉ ላይ መሪውን ይዞ የሚታየው ተጠሪው ቀንዓ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መንዳት የተማረው በዚህችው ቮልስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከጊንጪ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ከትቷት በበሬ ተጎትታ መውጣቷን አባቴ እስኪሞቱ ድረስ እያነሡ ይስቁበት ነበር። መቼ እንደተገዛች ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ኮሚቴው «1967 ዓ.ም.» ብሎ ሲያነብ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን ጫማውን ያይ ነበር።

በኋላ ጊንጪ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «እኔ አልጻፍኩትም፤ የተጻፈውንም እኔ አልሰርዝም። ዕጣ ደግሞ የዋቃ ነው» አለኝ። ስድስት ልጆች በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት እንደሚያሳድግ አውቃለሁ፤ ቤት ቢያምረው አልፈርድበትም። የአባታችን ልጅ ነው፣ ግማሹ ይገባዋል። በአቶ ጉደታ ግምት ቤቱና መኪናዋ 6,500 ብር ስለሚሆኑ የእያንዳንዳችን ድርሻ 3,250 ብር ነው። መኪናዋን እሱ ወስዶ ቤቱ ለእኔ ቢቀር 1,750 ብር እጨምርለታለሁ፤ በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር ከደመወዜ እየተቆረጠ በሠላሳ አምስት ወር ያልቃል። ይህንንም ነግሬዋለሁ። እኔን ያናደደኝ ቤቱን መፈለጉ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ዝም ማለቱ ነው።

8. ስለዚህ የተከበረው ችሎት በግምት ወረቀቱ ላይ ያለው ስሕተት ተሰርዞ የመኪናዋ ሥሪት 1959 ዓ.ም. ተብሎ እንዲታረም፤ መኪና የሚያውቅ ሰው ባለበት፣ የኋላው ክዳንም ተከፍቶ፣ እንደገና እንድትገመት፤ በተዛባ ዋጋ የወጣው ዕጣ እንዲሰረዝ፤ ይህም እስኪፈጸም እኔና ልጆቼ ሚያዝያ 30 ቀን ከቤት እንዳንወጣ እግድ እንዲሰጥልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ሊብሬውን፣ ውሉን፣ ፎቶግራፉንና የጋብቻ ወረቀቴን ከእነ ቅጂዎቻቸው አያይዣለሁ። ውሉ ከታየ ቀኑ በፈረንጅ መሆኑ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

9. እንደገና ማስገመት ጊዜና ወጪ ይጠይቃል የሚባል ከሆነ ደግሞ ሌላ አጭር መንገድ አለ። የኮሚቴው ግምት እንዳለ ይጽና፤ አንድም ፊደል አይነካ። ወንድሜ ቮልሷን በዚያው በ5,600 ብር ይውሰዳት፣ እኔም ቤቱን በዚያው በ5,000 ብር ልውሰድ። በስሌቱ መሠረት ትርፉን 300 ብር እሱ ለእኔ መክፈል ነበረበት፤ ትቼለታለሁ። እንዲያውም እኔ ሌላ 300 ብር እጨምርለታለሁ። ሁለታችንም በምንቀርብበት ቀን ችሎቱ ይህን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቀውና በራሱ አንደበት እንዲመልስ እንዲያደርግልኝ እለምናለሁ። እሺ ካለ ቁልፏን እዚያው አስረክበዋለሁ። እምቢ ካለ ግን ሌላ ገማች መፈለግ አያስፈልግም፤ ገምቷታል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሲንቄ ኦልጅራ

ግልባጭ፦ ለአቶ ቀንዓ ኦልጅራ፣ ጊንጪ